በነፃ የሚታይ ባሕር፣ በትኬት የሚታይ ባሕር

ዱባይ ሞልን የረገጠ ሰው አንድ ቦታ ላይ መቆሙ አይቀርም። ጫማ ፍለጋ ይሂድ፣ ሽቶ ፍለጋ ይሂድ፣ ወይም ዝም ብሎ ከሙቀቱ ሸሽቶ ይግባ፣ ግራውንድ ላይ ከሱቅ ሱቅ ሲያልፍ ድንገት ሰማያዊ ግድግዳ ከፊቱ ይጋረጣል። ግድግዳው ውስጥ ሻርክ ይዋኛል። ልጅ በጋሪ የሚገፋው፣ ፌስታል የተሸከመው፣ ከሥራ የወጣው ሠራተኛ፣ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ይቀርፃል። ማንም "ትኬትህስ?" አይልም።

ከዚሁ ግድግዳ አጠገብ ግን ትኬት መሸጫ አለ፤ ሰልፍም አለ። ያው ዓሣ፣ ያው ውሃ፣ ግን በገንዘብ። ቤተሰብ ይዘው ዱባይ ለመሄድ የሚያስቡ ጓደኞቼ የሚጠይቁኝም ይሄንኑ ነው፦ "አኳሪየሙ ይከፈልበታል ወይስ ከውጭ ማየቱ ይበቃል?" ባለፈው ክረምት ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሄጄ ነበርና እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ከዋጋው በፊት ግን የሚታየው ነገር ምን እንደሆነ እንወቅ።

መስታወት ያልሆነው መስታወት

ሰማያዊው ግድግዳ ርዝመቱ 32.88 ሜትር፣ ከፍታው 8.3 ሜትር ነው። ውፍረቱ 75 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ደግሞ 245 ቶን ገደማ። ሞሉ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2008 ሲከፈት በዓለም ትልቁ የአክሪሊክ መስኮት ተብሎ በጊነስ ተመዝግቦ ነበር። ክብረ ወሰኑን በኋላ ቻይና ውስጥ ዡሃይ ላይ የተሠራው የቺምሎንግ አኳሪየም ነጥቆታል።

ሁላችንም መስታወት እንለዋለን እንጂ መስታወት አይደለም። አክሪሊክ የሚባል ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው። መስታወት ሲወፍር ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ የመስታወት ጠረጴዛን ጠርዙን በጎን በኩል ብታዩት ይገባችኋል። አክሪሊክ ግን ይህን ያህል ወፍሮም ጥራቱ አይጠፋም። ክብደቱም የመስታወት ግማሽ አይሞላም።

ከበስተጀርባው 10 ሚሊዮን ሊትር ውሃ አለ። ገንዳው 51 ሜትር ይረዝማል፣ 20 ሜትር ይሰፋል፣ 11 ሜትር ይጠልቃል። ውሃ 10 ሜትር ጥልቀት ላይ እያንዳንዱን ካሬ ሜትር በ10 ቶን ያህል ኃይል ይገፋል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሁለት ዝሆን ተደገፈ ማለት ነው። ቀልድ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2010 ውሃ ማፍሰስ ጀምሮ አካባቢው ከሰው ተለይቶ ተጠግኗል።

አንድ ሌላ ነገር። ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲወጣ ስለሚታጠፍ፣ ውሃ ውስጥ ያለ ነገር ከእውነተኛ ርቀቱ ሩብ ያህል ቀርቦ ይታያችኋል። ስለዚህ "ሻርኩ ፊቴ ላይ መጣ!" የሚለው ጩኸት ሙሉ በሙሉ ፍርሃት አይደለም። ግማሹ ፊዚክስ ነው።

ታዲያ ለምንድነው በነፃ?

ይህን ያህል ወጪ የወጣበትን ነገር ለመንገደኛ ሁሉ በነፃ ማሳየት ሞኝነት ይመስላል። ግን ሞሉም አኳሪየሙም የአንድ ኩባንያ ናቸው፤ ኤማር ይባላል። ኤማር ዋናውን ገንዘብ የሚያገኘው ከዓሣ ሳይሆን ከሱቅ ኪራይ ነው። ኪራይ ደግሞ የሚወደደው እግር የሚበዛበት ቦታ ላይ ነው። ኩባንያው እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ዱባይ ሞል 105 ሚሊዮን ጉብኝት አስተናግዷል። አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ቢመላለስ ሦስት ተብሎ ይቆጠራል፤ ቢሆንም ቁጥሩ ከኢትዮጵያ ሕዝብ ብዛት ብዙም አይርቅም።

ይሄን ነገር አዲስ አበባም እናውቀዋለን። ግራውንዱ ላይ ስመ ጥር ሱፐርማርኬት የገባበት ሕንፃ፣ ላይ ያሉት ትንንሽ ሱቆችም ይሸጣሉ። ብዙ አከራዮች እንዲህ ዓይነቱን ተከራይ ለማግኘት ኪራይ እስከመቀነስ ይደርሳሉ፤ ምክንያቱም ሰው የሚያመጣው እሱ ነው። በዱባይ ሞል ያንን ሥራ የሚሠራው ሻርክ ነው። ለነፃው እይታ የሚከፍሉት፣ ከአኳሪየሙ አልፈው ቡና የሚገዙትና ጫማ የሚለኩት ናቸው።

ትኬቱ የሚጀምረው እይታውን መገደብ በሚቻልበት ቦታ ነው። ከፊት ለፊት ያለውን መስኮት አጥር ካላጠሩበት በቀር ማስከፈል አይቻልም። በገንዳው ውስጥ የሚያልፈው 48 ሜትር ዋሻ ግን በር አለው። በር ያለው ነገር ይሸጣል። ከዋሻው ቀጥሎ ላይኛው ፎቅ ላይ ያለው የእንስሳት ክፍል፣ ከዚያ ታቹ ግልጽ የሆነው ጀልባ፣ ከዚያ በብረት ቀፎ ሆኖ ሻርክ መሀል መግባት፣ ከዚያ ጠለቃ እያለ ይቀጥላል። ትኬቱ በጥቅል በጥቅል የሚሸጠው ለዚህ ነው፤ ማን ምን ያህል እንደሚከፍል ራሳችሁ መርጣችሁ እንድትነግሯቸው ነው። የመጀመሪያውን ጥቅል የሚያይ ሰው ሁለተኛው ላይ "ትንሽ ብቻ ብጨምር እኮ" ይላል። ያቺ "ትንሽ" በአራት ሰው ስትባዛ ትንሽ አይደለችም።

"ስንት ነው በብር?"

እዚህ ላይ የቤታችንን ሁኔታ ካልነገርኳችሁ ሒሳቡ አይገባም። ታላቅ እህቴ ዱባይ ስትኖር ስድስት ዓመቷ ነው። ዴይራ ሰፈር ካፌ ውስጥ ትሠራለች። ትምህርት ሲዘጋና የዱባይ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ የሆቴል ዋጋ ስለሚወርድ፣ እማዬንና ታናሽ ወንድማችንን ይዤ ለአምስት ቀን ሄድን። የአገሪቱ ሕግ ለሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ አንድ የዕረፍት ቀን ይሰጣል። የእህቴ አንድ ነው። ስለዚህ ከአምስቱ ቀን አንዱ ብቻ ሙሉ በሙሉ የሁላችን ነበር።

ያንን ቀን አኳሪየም ልትወስደን አስባ ነበር። ነፃው መስኮት ጋ ስንደርስ እማዬ ቆመች፣ አማተበች፣ ረጅም ጊዜ አየች። እህቴ ወደ ትኬቱ ሰልፍ ስትሄድ ግን ክንዷን ያዘቻት።

"ወዴት ነው?"

"ውስጥ እንገባለን እማ። ከሥሩ ነው የሚኬደው።"

"ከዚህ እያየሁት አይደል እንዴ? ዓሣው ያው እሱ ነው። ስንት ነው ደግሞ?"

"ተይው እማ።"

"ስንት ነው በብር?"

እህቴ አልመለሰችም። እኔ ደግሞ በውስጤ አስልቼው ነበር። ድርሃም ከዶላር ጋር እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በ3.6725 ታስሯል። ብር ከዶላር አንፃር ሲወርድ ከድርሃምም አንፃር በእኩል ይወርዳል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ድርሃም በባንክ 16 ብር አካባቢ ነበር። ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 27 አለፈ፣ እዚያም አልቆመም። የዛሬውን ስልካችሁ ላይ እዩት። አንድ ዓይነት ትኬት፣ አንድ ዓይነት ሻርክ፣ ግን ከአዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ዋጋው ሌላ ሆኗል። "በብር ስንት ነው?" የእናቶች ጭቅጭቅ ሳይሆን ትክክለኛ የኢኮኖሚክስ ጥያቄ ነው።

ለእህቴ ግን በብር ማስላቱ ትርጉም የለውም። እሷ የምትሠራውም የምትከፍለውም በድርሃም ነው። ለእሷ መለኪያው የሥራ ቀን ነው። የአራታችን ትኬት የአንድ ሳምንት ደሞዟን ያህል ነበር።

በንጹሕ ስሌት ካየነው እማዬ ልክ ነበረች። የመጀመሪያው እይታ ነፃ ከሆነ፣ መጠየቅ ያለበት "አኳሪየሙ ስንት ነው?" ሳይሆን "ነፃው ላይ የሚጨመረው ነገር ይህን ያህል ያወጣል ወይ?" ነው። የአንድ ሳምንት ጉልበት ለ48 ሜትር ዋሻ? እኔ ብሆን እንጃ። እህቴ ግን ሰልፍ ይዛለች።

ውስጡ ምን አለ?

ዋሻው ውስጥ ውሃው ከግራ፣ ከቀኝና ከላይ ነው። ከውጭ ሆናችሁ ዓሣውን በጎኑ ነው የምታዩት፤ እዚህ ሆዱን ታያላችሁ። ሬይ የሚባለው እንደ ምንጣፍ የተዘረጋ ዓሣ በላያችሁ ሲንሳፈፍ አፉ ከሥር ነው፤ የሚስቅ ፊት ይመስላል። ወንድሜ እዚያ ላይ ሃያ ደቂቃ ቆመ።

ጥርሳቸው ከአፋቸው ወጥቶ የሚታየው ትልልቆቹ ሻርኮች ሳንድ ታይገር ይባላሉ። የዚህ አኳሪየም ዋና መታወቂያዎች ናቸው። መልካቸው ያስፈራል እንጂ ሰው ካልነካቸው ብዙም አይተናኮሉም። ከሌሎች ሻርኮች የሚለያቸው ወደ ላይ ወጥተው አየር ይውጡና ሆዳቸው ውስጥ ይዘው ሳይደክሙ መንሳፈፋቸው ነው። ቀስ ብለው የሚያልፉት ለዚህ ነው። ማኅፀን ውስጥ ሳሉ ደግሞ ትልቁ ፅንስ ትንንሾቹን ወንድምና እህቶቹን ይበላል፤ ከእያንዳንዱ ማኅፀን የሚወለደው አንድ ብቻ ነው። እናትየዋ ሁለት ማኅፀን ስላላት ሁለት ትወልዳለች። ይሄንን ለእማዬ ስነግራት "ታዲያ እናንተን ምን አልኳችሁ? ተመስገን በሉ" አለች።

ከዚያ ደግሞ የምትጠበቀው ጥያቄ መጣች፦ "ይሄ ይበላል?" የሚበላም የማይበላም እንዳለ ነገርኳት። ወንድሜ የሻርኮቹን ስም ከዩቲዩብ ስለሚያውቅ አንድ በአንድ ይጠራል። የአገራችንን ዓሣ ጥራ ስትለው ግን "ጥብስና ጉላሽ" ብሎ አሳቀን። ከቆሮሶና ከአምባዛ ውጭ እኔም ሩቅ አልሄድኩም። ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ፣ ሌላ የትም የዓለም ክፍል የሌሉ ከአሥር በላይ የባርበስ ዝርያዎች አሉ። አንዳቸውንም በመስኮት አይተን አናውቅም።

ላይኛው ፎቅ ላይ ፔንግዊን፣ ጄሊፊሽ፣ የባሕር ፈረስና ሌሎችም አሉ። ጄሊፊሽ አንጎልም ልብም የለውም፤ የባሕር ፈረስ ደግሞ የሚያረግዘው ወንዱ ነው። ኪንግ ክሮክ የሚባለው አዞ እ.ኤ.አ. በ2014 ከአውስትራሊያ የመጣ ሲሆን 5.1 ሜትር ይረዝማል፤ ክብደቱ 750 ኪሎ ገደማ ነው። አርባ ምንጭ ጫሞ ላይ የአዞ ገበያን ያየ ሰው በአዞ አይደነቅም ብዬ ነበር። ኪንግ ክሮክ ግን በጨው ውሃ ከሚኖሩት፣ በዓለም ከሁሉም ከሚገዝፉት ወገን ስለሆነ ያስደንቃል። ችግሩ አለመንቀሳቀሱ ነው። ወንድሜ "ፕላስቲክ ነው" ብሎ ሊሄድ ሲል አዞው አንዴ ዓይኑን ጨፈነና ከፈተ። ለዚያች አንድ ጊዜ አሥር ደቂቃ ጠብቀናል።

ደስ ያላለኝም ነገር አለ። ሳንድ ታይገር በዓለም ደረጃ በከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ሻርኮች አንዱ ነው። ሰው በቅርብ ካየው ሊያዝንለት ይችላል፤ ይሄ እውነት ነው። ግን ባሕርን ያህል ቦታ የነበረው እንስሳ አንድ ገንዳ ሲዞር ደጋግማችሁ ስታዩት፣ ሦስተኛው ዙር ላይ ጥያቄ ይመጣባችኋል። መልሱን ለእናንተ ልተወው።

ሳሎን የሌላት አስተናጋጅ

አሁን ወደ ሒሳቡ። ጆኤል ዋልድፎገል የሚባል ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው ጥናት የስጦታን ኪሳራ አስልቷል። ተማሪዎችን "የተሰጣችሁን ስጦታ ራሳችሁ ብትገዙት ስንት ትከፍሉበት ነበር?" ብሎ ጠይቆ፣ ተቀባዩ የሚሰጠው ዋጋ ከወጣበት ገንዘብ ከአሥረኛ እስከ ሲሶ ያህል እንደሚያንስ ገመተ። በዚህ ስሌት ዋሻው ትልቅ ኪሳራ ነው። እማዬ ገንዘቡ በእጇ ቢሰጣት አንድ ድርሃም አትከፍልበትም ነበር።

ግን ጥናቱ ውስጥ አንድ ነገር ሆን ተብሎ ተቀንሷል፦ ስሜታዊ ዋጋው። ተማሪዎቹ እሱን ሳይጨምሩ እንዲገምቱ ነው የተጠየቁት። የእኛ ቤት ሒሳብ ደግሞ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

እህቴ የምትኖረው ቤድ ስፔስ ነው። ዱባይ ያለ ሰው ቃሉን ያውቀዋል፤ ክፍል ሳይሆን አልጋ ነው የሚከራዩት። አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆነው ይኖራሉ፤ ሻንጣቸው አልጋቸው ሥር ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ እናቷ ልታያት መጥታ የምታስቀምጥበት ወንበር የላትም። ቡና የምታፈላበት ቦታ የላትም። እኛ አገር እንግዳ መጥቶ ሳይስተናገድ መሄዱ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። እንግዳዋ እናት ስትሆን ደግሞ አስቡት።

በስድስት ዓመት ውስጥ የቤታችን ጣሪያ ተቀይሯል፣ የወንድሜ ትምህርት ቤት ተከፍሏል፣ የእማዬ የደም ግፊት መድኃኒት አልተቋረጠም። እህቴ ግን አንዱንም በዓይኗ አላየችውም። ብር ትልካለች፣ ባንኩ መልእክት ይልካል፣ እማዬ ስልክ ላይ ትመርቃለች። በቃ። የሰጠችው ነገር የሰው ፊት ላይ ምን እንደሚያደርግ የማየት ዕድል አልነበራትም።

ዋሻው ውስጥ ሁላችንም ወደ ላይ ስናይ እሷ እማዬን ነበር የምታየው። በኋላ እንደነገረችኝ ነፃው መስኮት ጋ ስንት ጊዜ እንደቆመች አታውቀውም፤ በዕረፍት ቀኗ የምትሄድበት ስታጣ እዚያ ትመጣለች። ውስጥ ገብታ ግን አታውቅም ነበር። "ብቻዬን ልገባ? ለማን ልናገረው?" አለችኝ።

ስለዚህ የትኬቱ ዋጋ የዋሻው ብቻ አልነበረም። ለአንድ ቀን የሳሎን ኪራይ ነበር። እማዬም ይሄ የገባት ይመስለኛል፤ ወንድሜ አዞውን ሲጠብቅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው እጅ ለእጅ ተያይዘው ያወሩ ነበርና። አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ ጎረቤት ለቡና ሲሰበሰብ ወሬዋ የሚጀምረው "ልጄ ከባሕር በታች አስገባችኝ" በማለት ነው። ስለ ሻርኩ የምታወራው ከተጠየቀች ብቻ ነው።

ለምትሄዱ

መጀመሪያ ነፃውን እዩ፣ ከዚያ ወስኑ። ሜትሮ ከሆነ የምትመጡት ቡርጅ ከሊፋ ዱባይ ሞል ጣቢያ ውረዱ። ከጣቢያው እስከ ሞሉ በአየር ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚያልፍ 820 ሜትር ያህል መንገድ አለ። በዕድሜ የገፋ ሰው ከያዛችሁ ይሄንን አስቡበት፤ ሞሉ ውስጥም ገና ብዙ ትሄዳላችሁ።

ትንሽ ልጅ ካላችሁና ገንዘቡ የሚከብዳችሁ ከሆነ ነፃው መስኮት ከበቂ በላይ ነው፤ ምንም ቀረብን አትበሉ። ትኬት ከገዛችሁ ዋናው ነገር ዋሻው ነው። ዋጋው እንደ ቀኑና እንደ ጥቅሉ ስለሚለያይ በዕለቱ ድረ ገጻቸው ላይ እዩ። ከመሰለፋችሁ በፊት የምትገዙትን ጥቅል ወስኑ፤ ሰልፍ ላይ ሆኖ የሚወስን ሰው ሁሌም ያስጨምራል። ከከፈላችሁ በኋላ ደግሞ "ገንዘብ ወጥቶበታል" ብላችሁ የደከመ ልጅ አትጎትቱ። የወጣው ወጥቷል፤ ልጁን ማስለቀስ አይመልሰውም።

ለፎቶ ፍላሽ አጥፉ፤ ራሱን አንፀባርቆ ፎቶውን ያበላሻል። ስልኩን ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርጋችሁ ፊት ለፊት ያዙት፤ ወደ ጎን ካዘነበላችሁት ምስሉ ይንጋደዳል። ሰው ከዓሣ ጋር ማንሳት ከፈለጋችሁ ሰውየውን ጎኑን እንጂ ጀርባውን ለመስኮቱ አታሰጡት፤ አለበለዚያ ጥቁር ጥላ ነው የሚወጣላችሁ። እማዬ አንድ ጥሩ ፎቶ ያገኘችው እንደዚያ ነው።

እዚያ የሚኖር ዘመድ "እኔ ልክፈል" ካላችሁ ደግሞ መጀመሪያ ዋጋውን በእሱ የሥራ ቀን አስሉት። ከዚያ እምቢ ከማለታችሁ በፊት ሌላ የት ሊያስተናግዳችሁ እንደሚችል አስቡ። መልሱ "የትም" ከሆነ ግቡ። የምሳውን ሒሳብ ግን እናንተ ዝጉት።